ወታደር ለነበሩ ሴቶች የአእምሮ ጤና እርዳታ፦ በካምፕ ውስጥ ማወቅ ያለብን



የዛሬው ጽሑፍ በሠራዊት ውስጥም ሆነ በትግል ሜዳ ላይ ቆይተው አሁን በስደተኛ ካምፕ ስለሚኖሩ ሴቶች የአእምሮ ጤና ነው። እኔም ከነሱ አንዷ ነኝ። አራት ዓመት በሕክምና ምድብ አገልግያለሁ፤ አሁን በምኖርበት ካምፕ የኮሚኒቲ ጤና በጎ ፈቃደኛ ሆኜ ብሎክ ለብሎክ እዞራለሁ። በየትኛው ወገን እንደነበርኩ እዚህ አልጽፍም። ካምፑ ውስጥ ከሁሉም ወገን የመጣን ሴቶች አለን፤ ለራስ ምታቱና ለቅዠቱ ደግሞ ወገን የለውም።

ስዞር በብዛት የምሰማቸውን ጥያቄዎች መልስ ሰብስቤ አቅርቤያለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ ይህም ሐኪምን አይተካም። ግን የት መሄድ፣ ምን ማለት፣ ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ያሳያችኋል ብዬ አምናለሁ። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ማን ነው የምናወራው?

በእኛ አካባቢ ሴት ወታደር አዲስ ነገር አይደለችም። በኤርትራ ሕዝባዊ ነፃ አውጪ ግንባር (ሻዕቢያ) እና በሕወሓት ውስጥ ከተዋጊዎቹ ሲሶ ያህሉ ሴቶች እንደነበሩ ይነገራል። በ1991 ደርግ ሲወድቅ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ የቀድሞ ሠራዊት አባል ተበተነ፤ በውስጡ ሴቶችም ነበሩ። በኤርትራ በ1995 የወጣው የብሔራዊ አገልግሎት አዋጅ ሴትንም ወንድንም ይጠራል፤ ወረቀቱ ላይ 18 ወር ቢባልም ከ1998ቱ የድንበር ጦርነት ወዲህ ለብዙዎች ማብቂያ የሌለው ሆኗል። በኢትዮጵያ ከ2020 እስከ 2022 በሰሜን የተካሄደው ጦርነት፣ ከዚያም በኋላ የቀጠሉት ግጭቶች ብዙ ወጣት ሴቶችን ወደ ጦር ሜዳ አስገብተዋል። ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ የተቋቋመው የብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን በየክልሉ ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ታጣቂዎችን ወደ ሲቪል ሕይወት ለመመለስ ዕቅድ ይዟል። ድንበር ተሻግረን ካምፕ የገባነው ግን በዚያ ስሌት ውስጥ የለንም።

«ወታደር የነበረች» ስንል ጠመንጃ የያዘችውን ብቻ አይደለም። ምግብ ያበሰለች፣ ቁስለኛ የተሸከመች፣ ሬዲዮ ያነጋገረች፣ መልእክት ያደረሰች፣ ተገዳ ተወስዳ ከጦሩ ጋር የኖረችም አለች። የተባበሩት መንግሥታት የትጥቅ ማስፈታት መመሪያዎችም እነዚህን ሴቶች ይቆጥሯቸዋል። በተግባር ግን ብዙ ጊዜ ይረሳሉ። ሴራሊዮንን ተመልከቱ፤ ጦርነቱ በ2002 ሲያበቃ ወደ 72 ሺህ የሚጠጉ ተዋጊዎች ተመዝግበው ድጋፍ ሲያገኙ ሴቶቹ ከመቶ 7 እንኳ አልሞሉም። አንዱ ምክንያት ለመመዝገብ መሣሪያ ማስረከብ ይጠየቅ ስለነበር ነው። መሣሪያ ያልነበራት ወይም አዛዡ የቀማት ሴት ምን ታስረክብ?

የሴቷ ሸክም ለምን ይለያል?

ወንዱ ከጦር ሜዳ ሲመለስ ቢያንስ አንዳንዱ ሰው «ጀግና» ይለዋል። ሴቷ ስትመለስ «ከወንድ ጋር በረሃ ያደረች» ትባላለች። ስለዚህ ትደብቃለች። ፎቶዋን ታቃጥላለች፤ ጠባሳዋን በነጠላ ትሸፍናለች፤ ባሏም ጎረቤቷም እንዳያውቅ ትጠነቀቃለች። የተደበቀ ነገር ደግሞ ሐኪም ዘንድ አይደርስም።

ሁለተኛው ነገር በጾታዋ ምክንያት የሚደርስባት ጥቃት ነው። ጥቃቱ ከጠላት ብቻ አይመጣም፤ ከራሷ አዛዥና ከራሷ ጓዶችም ይመጣል። ይህ የእኛ አገር ጉድ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የጦር ጡረተኞች ጤና አገልግሎት እያንዳንዷን ታካሚ «በአገልግሎት ላይ ሳለሽ ወሲባዊ ጥቃት ወይም ትንኮሳ ደርሶብሽ ያውቃል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ከ3 ሴቶች አንዷ ያህል «አዎ» ትላለች። ጠባቂሽ ነው ባልሽው ሰው መጠቃት ለማንም ለማመን ያስቸግራል። ከዚያ በኋላ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ሁሉ፣ የካምፑ ፖሊስም ጭምር፣ ልብ ያስደነግጣል።

ሦስተኛው ጸጸት ነው። ያደረግሁት፣ ያላደረግሁት፣ ትቼው የመጣሁት። በሕክምና ምድብ የነበርን ሴቶች ማንን አንስተን ማንን ትተን እንደሄድን እናውቃለን። ይህ የሕሊና ቁስል ከፍርሃት የተለየ ነው፤ ሐኪሞችም ለይተው ያዩታል።

አራተኛው የዛሬው ኑሮ ነው። ራሽን ይቀንሳል፣ ውኃ ወረፋ አለ፣ ልጅ ያለቅሳል፣ የአገር ቤት ዜና ስልክ ላይ ይመጣል። የአእምሮ ጤናን ከዚህ ለይቶ ማየት አይቻልም።

«አንቺ እኮ አልተዋጋሽም» የሚለውን ቃል እዚህም እዚያም እሰማለሁ። በቬትናም ጦርነት ካገለገሉት አሜሪካውያን ሴቶች አብዛኞቹ ነርሶች ነበሩ፤ ለዓመታት ይኸው ተባሉ። በ1980ዎቹ በመንግሥት የተደረገ ትልቅ ጥናት ግን ከነዚያ ሴቶች ወደ 27 ከመቶ የሚሆኑት በሕይወታቸው በአንድ ወቅት ከጦርነት በኋላ የሚመጣው የአእምሮ ሕመም እንደነበረባቸው አሳየ። ለወንዶቹ ቁጥሩ 31 ከመቶ ያህል ነበር። በ1992 የአገሪቱ ምክር ቤት በአገልግሎት ላይ ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶች የምክር አገልግሎት እንዲሰጥ ሕግ አወጣ። ይህ የሆነው ሴቶቹ ራሳቸው ተሰባስበው ስለተናገሩ ነው።

ምልክቶቹ ምንድን ናቸው?

የዓለም ጤና ድርጅት በጦርነት ውስጥ ካለፉ ሰዎች ከ5 አንዱ ያህል አንድ ዓይነት የአእምሮ ጤና ችግር እንዳለበት ይገምታል። ስለዚህ ብቻችሁን አይደላችሁም፤ አምስታችሁ ቡና ብትጠጡ አንዳችሁ ልትኖሩበት ትችላላችሁ።

በሕክምና ቋንቋ ፒቲኤስዲ የሚባለው ከከባድ አደጋ በኋላ የሚመጣ የጭንቀት ሕመም ሲሆን በ1980 በሐኪሞች የሕመም ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ዋናዎቹ ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦

– ያለፈው ነገር ተመልሶ መምጣት። ቅዠት፣ ወይም በቀን ቆማችሁ ሳላችሁ እዚያው ሜዳ ላይ ያላችሁ መምሰል። ሽታ፣ የሞተር ሳይክል ድምፅ፣ የጄኔሬተር ጩኸት ይቀሰቅሰዋል።

– መሸሽ። የሚያስታውሳችሁን ሰው፣ ቦታ፣ ወሬ መራቅ፤ ከቤት አለመውጣት።

– ሁልጊዜ ንቁ መሆን። ብርግግ ማለት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ በር ፊት ለፊት ካልሆነ አለመቀመጥ፣ በትንሽ ነገር መቆጣት።

– ስሜት መደንዘዝና ራስን መውቀስ። የራስን ልጅ አቅፎ ምንም አለመሰማት፤ «ጥፋቱ የኔ ነው» ማለት።

እነዚህ ከአንድ ወር በላይ ከቆዩና ኑሮን ካወኩ መታየት አለባቸው። ከአደጋው በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት የሚመጣ ድንጋጤና እንቅልፍ ማጣት ግን በብዙ ሰው ላይ በራሱ ይቀንሳል።

ድብርት ሌላው ነው። ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ብዙውን ቀን ማዘን ወይም ምንም ነገር አለማስደሰት፣ ድካም፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ተስፋ መቁረጥ። ከዚህ ጋር አረቄ ወይም ጫት መደጋገም ይመጣል። መጠጡ ለአንድ ሌሊት ያስተኛል፤ በማግሥቱ ግን ጭንቀቱን ከነወለዱ ይመልሰዋል።

የኛ ሴቶች ብዙ ጊዜ «አእምሮዬን አመመኝ» አይሉም። «ራሴን ይፈልጠኛል፣ ልቤ ይመታል፣ ሆዴን ይነፋኛል፣ ሰውነቴ ይቃጠላል» ነው የሚሉት። እኔም ስደት ከመጣሁ በኋላ ለአንድ ዓመት ያህል ወደ አንድ ክሊኒክ ተመላልሻለሁ፤ በየጊዜው ፓራሲታሞል ይሰጠኛል፣ እንቅልፌን ግን የጠየቀኝ አልነበረም። ስለዚህ እናንተ ቀድማችሁ ተናገሩ። «ራሴን ያመኛል፤ ደግሞም ሌሊት አልተኛም፣ እቃዣለሁ» በሉ። ሁለተኛዋ ዓረፍተ ነገር ሕክምናውን ትቀይራለች።

«ወታደር ነበርኩ ብል ፋይሌ ይበላሻል?»

ከሁሉም በላይ የምጠየቀው ይህን ነው። ፍርሃቱ ተገቢ ነው፤ ግን በትክክል እንወቀው።

አንደኛ፣ ካምፕ የሲቪል ቦታ ነው። በሥራ ላይ ያለ ተዋጊ ስደተኛ ሊባል አይችልም። ውትድርናን በእውነት ትቶ የወጣ ሰው ግን ጥገኝነት መጠየቅ ይችላል። ወታደር መሆን ብቻውን ከስደተኝነት አያስወጣም።

ሁለተኛ፣ የ1951 የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 1 ፊደል «ኤፍ» የጦር ወንጀልን፣ በሰብአዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀልንና መሰል ከባድ ወንጀሎችን የፈጸሙ ሰዎች ከጥበቃ ውጭ እንደሚሆኑ ይናገራል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የ1969 ስምምነትም እንዲሁ ይላል። ይህ ግን ለእያንዳንዱ ሰው ተለይቶ የሚመረመር ነው፤ የነበራችሁበት ጦር ስም ተነሥቶ በጅምላ አይፈረድም። ተገዳ የገባች፣ ልጅ ሳለች የተወሰደች መሆኗም ይታያል።

ሦስተኛ፣ ካውንስለር እና የስደተኝነት ኢንተርቪው የሚያደርገው ኦፊሰር አንድ ሰው አይደሉም፤ ሥራቸውም ይለያያል። ካውንስለር የነገራችሁትን ያለ ፈቃዳችሁ ለሌላ እንዳይሰጥ የሙያ ግዴታ አለበት። ይህ ገደብ አለው፦ ራሳችሁን ወይም ሌላ ሰው ልትገድሉ እንደሆነ ካመነ፣ ወይም ልጅ አደጋ ላይ ከሆነ፣ ለሌላ ሊናገር ይችላል። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ጠይቁ፦ «የምነግርሽን ማን ያያል? የት ይጻፋል? ለዩኤንኤችሲአር ይሄዳል?» ጥሩ ካውንስለር በዚህ ጥያቄ አይቀየምም፤ እንዲያውም እሱ ራሱ ቀድሞ ሊነግራችሁ ይገባል።

አራተኛ፣ ሕክምና ለማግኘት የጦሩን ስም፣ ማዕረግ ወይም የግንባሩን ቦታ መናገር የለባችሁም። «ጦርነት ውስጥ ነበርኩ፣ ብዙ ነገር አይቻለሁ» ማለት ለመጀመሪያው ቀን ይበቃል።

አምስተኛ፣ በኢንተርቪው ላይ ግን አትዋሹ። የሪሴትልመንት ሂደት ላይ ስለ ውትድርና ትጠየቃላችሁ፤ በአንዱ ቀን «አልነበርኩም»፣ በሌላው ቀን «ነበርኩ» ማለት ከውትድርናው ይልቅ ፋይሉን ይጎዳል። የማስታወስ ችግር ካለባችሁ፣ ቀን ከቀን ከተምታታባችሁ፣ ይህ የሕመሙ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ለኦፊሰሩ ተናገሩ። ከኢንተርቪው በፊት የሕግ ምክር የሚሰጥ ድርጅት በካምፓችሁ ካለ ሄዳችሁ አማክሩ።

አስተርጓሚው ማን ነው?

ብዙ ሴቶች የሚቋረጡት እዚህ ላይ ነው። አስተርጓሚው የብሎካችን ልጅ፣ ወይም በጦርነቱ የሌላው ወገን ሰው፣ ወይም ወንድ ሊሆን ይችላል። እንዲቀየርላችሁ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ምክንያቱን መዘርዘር የለባችሁም፤ «በዚህ ሰው ፊት መናገር አልችልም» ይበቃል። በስልክ የሚተረጉም ከሌላ ከተማ ሊገኝ ይችላል፤ ስማችሁን ሳይሰማ እንዲተረጉምም መጠየቅ ትችላላችሁ። ልጃችሁን አስተርጓሚ አድርጋችሁ ይዛችሁ አትሂዱ።

በኬንያና በኡጋንዳ በስዋሂሊ «ናታካ ምካሊማኒ ምዋናምኬ» ማለት «ሴት አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ነው። በሱዳን በዓረብኛ «አነ ዳይራ ሙተርጅማ» በሉ።

ሕክምናው ምን ይመስላል?

«ካውንስሊንግ ወሬ ነው፤ ወሬ ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። ምን እንደሚያደርግ ካምፖች ውስጥ ተፈትኗል፤ ላሳያችሁ።

በኡጋንዳ ኢምቬፒ ሰፈር 43 የሱዳን ስደተኞች በሦስት ተከፍለው ታዩ፤ ውጤቱ በ2004 ታተመ። ለአንዱ ቡድን የሕይወት ታሪክን በቅደም ተከተል የመተረክ ሕክምና በአራት ቀጠሮ ተሰጠ። ከዓመት በኋላ በዚህ ቡድን ውስጥ ሕመሙ አሁንም ያለባቸው 29 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ተራ ምክር ወይም ትምህርት ብቻ ባገኙት ላይ ግን 80 ከመቶ ያህሉ አሁንም ታመው ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው። መሬት ላይ ገመድ ይዘረጋል፤ ገመዱ ሕይወታችሁ ነው። ለመልካም ቀን አበባ፣ ለክፉ ቀን ድንጋይ ይቀመጥበታል። ከዚያ ከልደት ጀምሮ እስከ ዛሬ በቀስታ ትተርካላችሁ፤ ድንጋዩ ላይ ስትደርሱ ካውንስለሩ አይሮጥም፣ አብሯችሁ ይቆማል። ዓላማው ተበታትኖ የሚያባርራችሁን ትዝታ ቦታና ቀን ሰጥቶ «ያለፈ» ማድረግ ነው። በኋላ በኡጋንዳ ናኪቫሌ ሰፈር ስደተኞች ራሳቸው ሠልጥነው ሕክምናውን ሰጥተውታል፤ ውጤትም አግኝተዋል።

ሁለተኛው የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው «ፕሮብሌም ማኔጅመንት ፕላስ» የሚባለው ነው። አምስት ቀጠሮ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል። አራት ነገር ያስተምራል፦ ጭንቀትን በትንፋሽ ማርገብ፣ መፈታት የሚችለውን ችግር መርጦ ደረጃ በደረጃ መፍታት፣ የተዉትን ሥራ በጥቂት በጥቂቱ መጀመር፣ የሚረዳ ሰው ማግኘት። በናይሮቢ ዳርቻ ጥቃት በደረሰባቸው ሴቶች ላይ ተሞክሮ ጭንቀታቸውን ቀንሷል፤ የሰጡትም ሐኪሞች ሳይሆኑ ሠልጥነው የወጡ የሰፈር ጤና ሠራተኞች ነበሩ።

ሦስተኛው «ሰልፍ ሄልፕ ፕላስ» ነው። በኡጋንዳ ራይኖ ካምፕ ወደ 700 በሚጠጉ የደቡብ ሱዳን ስደተኛ ሴቶች ላይ ተሞክሯል። እስከ 30 ሴቶች አብረው ተቀምጠው በቋንቋቸው የተቀዳ ድምፅ ይሰማሉ፤ በሥዕል የተሠራ መጽሐፍ ይሰጣቸዋል፤ አምስት ቀን ሁለት ሁለት ሰዓት ነው። ማንም ታሪኩን እንዲናገር አይገደድም። ከሦስት ወር በኋላ የተካፈሉት ሴቶች ጭንቀት ካልተካፈሉት የበለጠ ቀንሶ ተገኝቷል። መናገር ለማትፈልግ ሴት ይህ ጥሩ በር ነው።

በካምፓችሁ የትኛው እንዳለ ጤና ጣቢያውን ወይም የሴቶች ማዕከሉን ጠይቁ። በ2025 የእርዳታ ገንዘብ በመቀነሱ በብዙ ቦታ አገልግሎት ተቋርጧል ወይም ቀንሷል፤ አምና የነበረው ዘንድሮ ላይኖር ይችላል። ቢሆንም ብዙ የካምፕ ጤና ጣቢያዎች ላይ የአእምሮ ሕመም ለማከም የተጨማሪ ሥልጠና የወሰደ ነርስ ወይም ክሊኒካል ኦፊሰር አለ። «የአእምሮ ጤና የሚያየው ማነው? ቀኑ መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከአደጋ በኋላ ወዲያው ሰውን አስቀምጦ «ሁሉንም ንገረኝ» ብሎ ማስወጣት እንደማይረዳ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። ሳትፈልጉ እንድትናገሩ የሚያስገድድ ሰው ካጋጠማችሁ «ዛሬ ዝግጁ አይደለሁም» ማለት ትችላላችሁ።

ስለ መድኃኒት

ፍሉኦክሰቲንና አሚትሪፕቲሊን በካምፕ ጤና ጣቢያዎች በብዛት የሚገኙ የድብርት መድኃኒቶች ናቸው። ሦስት ነገር እወቁ። ሥራቸው በደንብ የሚታየው ከ4 እስከ 6 ሳምንት በኋላ ነው፤ በሳምንቱ «አልሠራልኝም» ብላችሁ አትጣሉት። ሲሻላችሁም በራሳችሁ በአንድ ጊዜ አታቋርጡ፤ ከሐኪሙ ጋር ቀስ በቀስ ነው የሚቆመው። እርጉዝ ከሆናችሁ ወይም የምታጠቡ ከሆነ አስቀድማችሁ ተናገሩ። አሚትሪፕቲሊን በብዛት ከተዋጠ ይገድላል፤ ከልጆች ዓይን አርቁት።

ዲያዜፓም (ቫሊየም) ከሱቅ እየገዙ ለእንቅልፍ መዋጥ በብዙ ካምፕ ተለምዷል። ይህ መድኃኒት ሱስ ያስይዛል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ከአደጋ በኋላ ለሚመጣ ጭንቀት እንዳይሰጥ ይመክራል። ከአረቄ ጋር ከተወሰደ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ለረጅም ጊዜ የወሰዳችሁም በድንገት አታቁሙ፤ ለነርሱ ተናግራችሁ ቀስ በቀስ ቀንሱ።

ጠበል፣ ዱዓ፣ ጸሎት

ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምንሄደው ወደ ሃይማኖት አባት ነው። ይህ ስሕተት አይደለም። ለጸጸትና ለሐዘን ንስሐውም፣ ጸሎቱም፣ የሰው መሰብሰቡም መድኃኒት ነው። ችግር የሚመጣው «ወይ ይህን ወይ ያን» ሲባል ነው። ጠበል እየተጠመቁ ኪኒን መዋጥ ይቻላል። በጾም ወቅት መድኃኒቱን በስንት ሰዓት እንደምትወስዱ ነርሱንም የንስሐ አባታችሁን ወይም ኢማማችሁንም ጠይቁ። ሰው ማሰር፣ መምታት፣ ምግብ መከልከል ግን ሕመሙን ያባብሳል፤ ያያችሁ ሰዎች ለጤና ጣቢያ ወይም ለፕሮቴክሽን ተናገሩ።

በቤት ውስጥ ራሳችን የምናደርገው

– ከቅዠት ስትነቁ መብራት አብሩ፣ እግራችሁን መሬት ላይ አድርጉ፣ ስማችሁን፣ ቀኑንና ያላችሁበትን ቦታ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። «ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ ቤቴ ነኝ፤ ልጄ አጠገቤ ተኝቷል።»

– ልባችሁ ሲመታ እስከ ሦስት እየቆጠራችሁ በዝግታ ወደ ውስጥ፣ እስከ ሦስት እየቆጠራችሁ ወደ ውጭ ተንፍሱ። ለደቂቃዎች ቀጥሉ። ደህና ስትሆኑም ተለማመዱት፤ በተኩስ መሐል ጠመንጃ መፍታት እንደማይማሩት ሁሉ በድንጋጤ መሐል አይለመድም።

– የጦርነት ቪዲዮ ከመኝታ በፊት አትመልከቱ። ስልኩን አስቀምጡት።

– በቀን አንድ የሚሠራ ነገር ይኑራችሁ፤ ጥልፍ፣ ጓሮ፣ ትምህርት፣ ዕቁብ፣ ምንም ይሁን።

– እንደናንተ ያለፈች አንዲት ሴት ፈልጉ። በምኖርበት ካምፕ ስድስት ሆነን በየሳምንቱ እንገናኛለን። ለጎረቤት «የጥልፍ ቡድን» ነን፤ እውነትም እንጠልፋለን። ደንባችን ሦስት ነው፦ የሰማነው ከዚያ አይወጣም፣ ወገን አይጠየቅም፣ መናገር ግዴታ አይደለም።

ለባልና ለቤተሰብ

ሚስትህ ወይም እህትህ ተኝታ ሳለ ከኋላ አትንካት፤ ከራቅ ብለህ በስሟ ጥራት። «እርሺው፣ አለፈ» አትበላት፤ መርሳት ብትችል ኖሮ ያን ጊዜ ትረሳው ነበር። «እዚህ ነኝ» በላት። ወደ ክሊኒክ ስትሄድ ልጆቹን ያዝላት። መቆጣቷ አንተን መጥላት እንዳልሆነ እወቅ። ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባት ከነገረችህ ደግሞ ጥፋቱ የአጥቂው እንደሆነ በአፍህ ንገራት፤ ይህን ቃል ከአንተ መስማት ያስፈልጋታል።

አስቸኳይ የሆነው

አንዲት እህት «መኖር አልፈልግም» ካለች፣ ዕቃዋን ካከፋፈለች፣ ልጆቿን ለሰው አደራ ካለች፣ በግልጽ ጠይቋት፦ «ራስሽን ለመግደል እያሰብሽ ነው?» መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርም፤ እንዲያውም ያስተነፍሳል። «አዎ» ካለች ብቻዋን አትተዋት። መድኃኒት፣ የተባይ መርዝ፣ ገመድ፣ ስለት ከአጠገቧ አርቁ። በዚያው ቀን፣ በሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷት።

የመደፈር ጥቃት በቅርብ ከደረሰ ደግሞ ሰዓት ወሳኝ ነው። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ ሲሆን ይሻላል። እርግዝናን የሚከላከለው እስከ 120 ሰዓት ድረስ ይሠራል። ጊዜው ቢያልፍም ሂዱ፤ ሌላ ሕክምናና ምክር አለ።

በኬንያ ያላችሁ፦ 1195 የጾታ ጥቃት፣ 1199 የኬንያ ቀይ መስቀል የሥነ ልቦና ድጋፍ፤ ሁለቱም ነፃ ናቸው። በኡጋንዳ ያላችሁ፦ 0800 323 232 የዩኤንኤችሲአር ነፃ መስመር። በሌላ አገር ያላችሁ የካምፓችሁን ፕሮቴክሽን ዴስክ ቁጥር ዛሬውኑ ጠይቃችሁ በስልካችሁ መዝግቡ፤ ችግር ከመጣ በኋላ መፈለግ ይከብዳል።

በአጭሩ

የምታዩት ቅዠትና የምትሰሙት ድንጋጤ ስም ያለው፣ የሚታከም ሕመም ነው። እብደት አይደለም፤ እርግማንም አይደለም። ለመታከም ማዕረግም ወገንም መናገር አያስፈልግም። አስተርጓሚ ማስቀየር፣ ምስጢራችሁ የት እንደሚሄድ መጠየቅ፣ «ዛሬ አልናገርም» ማለት ትችላላችሁ።

በየብሎኩ ማንበብ የማትችል፣ ወይም ስልክ የሌላት፣ ግን ይህ ጽሑፍ የሚመለከታት ሴት አለች። ማን እንደሆነች አትጠይቋት። ቡና ስትጠጡ ለሁሉም ብላችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ የሚመለከታት ትሰማለች።